ያውቁ ኖሯል? በሰው እጅ ተሠርተው በቴሌቪዥን ስለሚፋለሙ ሮቦቶች

በጋራዥ ውስጥ ለወራት ተበይዶ፣ ተሞርዶ፣ በብሎን ታስሮ የወጣ ማሽን በሦስት ደቂቃ ፍልሚያ የላሜራ ቁርጥራጭ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ባለቤቱ ስብርባሪውን ይሰበስባል፣ ያሸነፈውን ሰው ይጨብጣል፣ ከዚያም ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ካቻቪቴውን ያነሣል። የሮቦት ፍልሚያ ከሩቅ ሲያዩት የብረት ግጭት ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን የእጅ ሙያ፣ የፊዚክስና የጨዋነት ትምህርት ቤት ነው። እንደ ጉግስ ሁሉ፣ ፍልሚያውን ጨዋታ የሚያደርገው ሕጉና የተጫዋቹ ልክ ማወቅ ነው። የዛሬው ዓምዳችን ከዚህ ሜዳ የለቀማቸውን እውነቶች ይዞልዎታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅማሬው

…«ሮቦት ዋርስ» የተባለው የሮቦት ፍልሚያ ቤት ለማጽዳት ከተደረገ ሙከራ መወለዱን ያውቁ ኖሯል? ማርክ ቶርፕ የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞችን ልዩ ትዕይንቶች በሠራው በኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ የሞዴል ባለሙያ ነበር። በ1992 የአቧራ መሳቢያ ማሽን በሪሞት እንዲነዳ አድርጎ ለመሥራት ሞከረ። ማሽኑ ለጽዳት አልበጀም። ቶርፕ ግን መሳቢያውን አንሥቶ በቦታው ስለት ያለው መሣሪያ ቢገጥምበት ምን እንደሚሆን ማሰብ ጀመረ።

…የመጀመሪያው «ሮቦት ዋርስ» ውድድር የተካሄደው በኦገስት 1994 በሳን ፍራንሲስኮ ፎርት ሜሰን ነው። ስፍራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ወደ ግንባር የሚሳፈሩበት የጦር ሠራዊት ወደብ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ደም የማይፈስበት ፍልሚያ ቤት ሆነ።

…ከቶርፕም በፊት የጀመሩ ነበሩ። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ፣ የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች በሚሰበሰቡበት ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ትናንሽ ማሽኖች እርስ በርስ ይገፋፉ ነበር። ዛሬ ትልቅ መድረክ ያለው ስፖርት ሥሩ የጥቂት ወዳጆች ጨዋታ ነው።

…ሰውነቱ ከቻይና ጎድጓዳ መጥበሻ የተሠራ ሮቦት ውድድሩን እንዳስፈራ ያውቁ ኖሯል? «ብሌንዶ» ይባላል። በ1995 ሜዳ ሲገባ ሙሉ ሰውነቱ እየተሽከረከረ የተጋጣሚውን ስብርባሪ ከአጥሩ በላይ ወረወረ። አዘጋጆቹ ለተመልካቹ ደኅንነት ሲሉ ከፍልሚያው አስወጡት፤ የሻምፒዮንነት ክብሩን ግን አልነፈጉትም። የሠሩት ጄሚ ሃይነማንና አዳም ሳቬጅ ከ2003 ጀምሮ «ሚዝበስተርስ» በተባለው የሳይንስ ፕሮግራም ዓለም አወቃቸው።

…ፍልሚያው በአሜሪካ ተወልዶ በቴሌቪዥን ያደገው በብሪታንያ ነው። ቢቢሲ ቱ «ሮቦት ዋርስ»ን ማሳየት የጀመረው በፌብሩዋሪ 1998 ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ጄረሚ ክላርክሰን አቀረበው፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ክሬግ ቻርልስ ተረከበው። ፍልሚያውን በድምፁ ይተርክ የነበረው ጆናታን ፒርስ ደግሞ የእግር ኳስ ኮሜንታተር ነው። ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ ድምፁ ጎል እንደገባ ያህል ይጋል ነበር።

…በአሜሪካ በውድድሩ መሥራችና በገንዘብ ሸሪኩ መካከል የተነሣው የፍርድ ቤት ክርክር ሜዳውን ቢዘጋው፣ ሁለት የአጎት ልጆች ሌላ ሜዳ ከፈቱ። ትሬይ ሮስኪና ግሬግ መንሰን «ባትልቦትስ»ን በ1999 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች አካሄዱ፤ በ2000 በኮሜዲ ሴንትራል ጣቢያ መታየት ጀመረ። በ2002 ተቋርጦ በ2015 በኤቢሲ ተመለሰ፤ በ2018 ደግሞ ወደ ዲስከቨሪ ተዛወረ።

ሜዳውና ሕጉ

…በ«ባትልቦትስ» የአንድ ተፋላሚ ክብደት ከ250 ፓውንድ፣ ማለትም ከ113 ኪሎ ግራም፣ ማለፍ እንደሌለበት ያውቁ ኖሯል? የስፖርቱ ክርክር ሁሉ እዚህ ላይ ይጀምራል። ለመሣሪያው የተጨመረ ኪሎ ከጋሻው የተቀነሰ ኪሎ ነው። በሌላው ጫፍ በብሪታንያ «የጉንዳን ክብደት» የሚባለው ክፍል 150 ግራም ብቻ ነው። በእጅ መዳፍ ላይ የሚቆም ሮቦት ነው፤ ጀማሪ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ የሚማረውም በእርሱ ነው።

…ፍልሚያው ሦስት ደቂቃ ነው። መንቀሳቀስ ያቃተው ሮቦት ልክ እንደ ቦክስ እስከ አሥር ይቆጠርበታል። ሁለቱም ቆመው ከጨረሱ ሦስት ዳኞች ይወስናሉ። እያንዳንዱ ዳኛ 11 ነጥብ አለው፦ 5 ለጉዳት፣ 3 ለማጥቃት፣ 3 ለቁጥጥር። ከነጥቡ ከግማሽ የሚበልጠው ደፍሮ ለሚጠጋና አሳምሮ ለሚነዳ የተተወ መሆኑን ልብ ይሏል።

…የ«ባትልቦትስ» ሜዳ በእያንዳንዱ ጎኑ 14.6 ሜትር ገደማ ነው። ወለሉ ብረት ነው፤ ከሥሩ መጋዞች ብቅ ይላሉ፤ ከጥግ መዶሻ ይወርዳል። ተመልካቹን የሚጠብቀው ጥይት በሚከላከሉ መስኮቶች ውስጥ የሚገባው ፖሊካርቦኔት ነው። መስታወት ቢሆን ይረግፍ ነበር፤ ፖሊካርቦኔት ግን ሲመታ ተለጥጦ ጉልበቱን ይውጣል።

…በብሪታንያው ሜዳ ተወዳዳሪዎቹ እርስ በርስ ብቻ አልነበረም የሚፈራሩት። «የቤት ሮቦቶች» የተባሉ የአዘጋጆቹ ማሽኖች ጥግ ጥጉን ይዘው የተሳሳተውን ይጠብቁ ነበር። ከሁሉ የገነነው ሰር ኪላሎት ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝን ነበር፤ አንድ እጁ ጦር፣ ሌላው በሃይድሮሊክ የሚዘጋ መቀስ ነበር። ወለሉ ላይ ደግሞ ተሸናፊው የሚገፋበት ጉድጓድ ነበረ።

…በስጦታ ሣጥን የተላከ መረብ ሕግ እንዳሟገተ ያውቁ ኖሯል? ፈንጂ፣ ማጣበቂያና የራዲዮ ማወኪያ የተከለከሉ ናቸው። በ2015 «ኮምፕሊት ኮንትሮል» የተባለው ሮቦት ለተጋጣሚው ለ«ጎስት ራፕተር» በስጦታ መልክ የተጠቀለለ ሣጥን አቀረበ። በውስጡ መረብ ነበር፤ የሚሽከረከረውን ስለት ጠቅልሎ አቆመው። ክርክሩ በድጋሚ ፍልሚያ ተፈታ፤ ያሸነፈውም «ጎስት ራፕተር» ነው።

…የ«ባትልቦትስ» ሻምፒዮን የሚሸለመው የወርቅ ዋንጫ አይደለም። ሽልማቱ ግዙፍ ዳዶ ነው፤ ብሎን የሚጠብቅበት ያው ዳዶ። ከዚህ የተሻለ ምልክት አይገኝም። አንድ ዳዶ ላልቶ የተሸነፈ ሁሉ ዋጋውን ያውቃል።

ጉልበት ከየት ይመጣል?

…የሚሽከረከር ስለት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን ያውቁ ኖሯል? የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሞተሩ ለብዙ ሰከንድ የሚሰጠውን ጉልበት በሚዞረው ብረት ውስጥ ያጠራቅሙና በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ያፈሱታል። ሞተሩ ቆጣቢ ነው፤ ስለቱ የተቆጠበውን በአንዴ የሚያወጣ ነው።

…የ«ባትልቦትስ» ሕግ የስለቱን ጫፍ ፍጥነት በሰዓት 250 ማይል፣ ማለትም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገድባል። ይህን በእርሳስ እናስላው። በዚያ ፍጥነት የሚሄድ አንድ ኪሎ ብረት 6 ኪሎጁል ያህል ጉልበት ይይዛል። ጉልበቱ ሳይባክን ወደ ላይ ቢያነሣ፣ 113 ኪሎውን ሮቦት ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ያደርገዋል። ስለቶቹ ደግሞ ከአንድ ኪሎ በብዙ ይከብዳሉ።

…ከልክ በላይ መፍጠን ንክሻን ያደነዝዛል። ባለ ሁለት ጥርስ ዲስክ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 200 ጥርስ ያሳልፋል። ሮቦቱ በሰከንድ 2 ሜትር ቢጠጋ፣ በአንዱ ጥርስና በተከታዩ መካከል የሚገባው የተጋጣሚ አካል 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንዱን ጥርስ አንሥተው በክብደት ቢያመዛዝኑት ንክሻው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ብዙ ሮቦቶች ባለ አንድ ጥርስ የሆኑት ለዚህ ነው።

…ወደ ላይ የሚዞር ከባድ ዲስክ ያለው ሮቦት በፍጥነት ሲታጠፍ አንድ ጎማው ከመሬት ይነሣል። ጥፋቱ የነጂው አይደለም። የሚሽከረከር ነገር አቅጣጫውን ሲያስቀይሩት እምቢ ይላል፤ እምቢታውም ሰውነቱን ያዘነብለዋል። ብልህ ነጂ ስለቱን ቀነስ አድርጎ ይታጠፋል።

…በብሪታንያ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ዋንጫ የወሰደው የመጀመሪያው ሮቦት ስለት አልነበረውም። የጆርጅ ፍራንሲስ «ኬኦስ 2» ሦስተኛውንና አራተኛውን ዙር ያሸነፈው በታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚወነጨፍ ክዳን ነው። በዚያ ሜዳ ተጋጣሚን ከአጥሩ ውጭ የጣለ የመጀመሪያው እርሱ ነው። ድካሙ ጋዙ ነው፤ እያንዳንዱ ውርወራ ከጠርሙሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መቼ እንደማይተኩስ ማወቅ የሙያው ግማሽ ነበር።

…የአምስተኛው ዙር ሻምፒዮን «ሬዘር» ደግሞ ቀስ ብሎ የሚገድል ነበር። መንቁሩ በሃይድሮሊክ ይዘጋል። ፍጥነት የለውም፤ ግን ያ ሁሉ ግፊት በአንዲት ሹል ጫፍ ላይ ስለሚያርፍ ወፍራም ብረትን እንደ ቆርቆሮ ይበሳል። ከዚያ በፊት በገዛ ብልሽቱ ደጋግሞ ወድቋል። ዋንጫው የመጣው መንቁሩ ስለተሳለ ብቻ ሳይሆን መጽናት ስለተማረ ጭምር ነው።

…ራሱን ገልብጦ የሚነሣ ሮቦት በብሪታንያው ሜዳ አዳራሹን ያስደነገጠው በሁለተኛው ዙር ነው። የሬክስ ጋሮድ «ካሲየስ» ተገልብጦ አበቃለት ሲባል በገዛ ክንዱ ተገፍቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ መነሻ የሌለው ሮቦት ግማሽ ሮቦት ሆነ። ጋሮድ ለልጆች ፕሮግራም የምትንቀሳቀሰውን ትንሿን መኪና «ብረም»ን የሠራ የእጅ ጠቢብ ነበር።

…ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? የካርሎ ቤርቶኪኒ «ባዮሃዛርድ» ዝቅ ብሎ በተጋጣሚው ሥር ይገባና ያነሣው ነበር። በዚህ ሜዳ ከሥር የገባ የበላይ ነው። «ሂዩጅ» የተባለው ሮቦት ግን የተገላቢጦሹን አደረገ፦ በሰው ወገብ የሚደርሱ የፕላስቲክ ጎማዎች ገጥሞ ሰውነቱን ከብዙ ስለቶች በላይ ሰቀለው። ፕላስቲኩ ይቆረጣል እንጂ አይሰበርም፤ ከጎማው ላይ ቁራሽ ቢጎድልም ሮቦቱ ይሄዳል።

…በሜዳው የሚረጨው ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ ብልጭታ የቲታኒየም ነው። አረብ ብረት ሲመታ ብርቱካናማ ፍንጣሪ ይሰጣል፤ ቲታኒየም ግን ደማቅ ነጭ። የለመደ ተመልካች የማን ጋሻ እንደተፋቀ በቀለሙ ብቻ ይለያል።

…በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ሮቦቶች የሚሄዱት በአካል ጉዳተኞች ወንበር ሞተርና በከባድ የእርሳስ ባትሪ ነበር። ዛሬ ቦታው በሊቲየም ባትሪ ተተክቷል፤ በዚያው ክብደት ብዙ እጥፍ ጉልበት ይይዛል። ግን ሲበሳ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሠሪው አስቀድሞ የሚያስበው ባትሪውን በሰውነቱ መካከል እንደ ልብ እንዴት እንደሚሸሽገው ነው።

ከማሽኑ ጀርባ ያሉ ሰዎች

…በብሪታንያው ቴሌቪዥን የመጀመሪያው ሻምፒዮን ከትምህርት ቤት የመጣ ቡድን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? «ሮድብሎክ» የተሠራው በኮርንዎል፣ ቦድሚን ነው። ፊቱ ተዳፋት፣ ጀርባው መጋዝ፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ቀላልነቱ አዋጣው።

…ሦስት ጊዜ ግዙፉን ዳዶ የወሰደው የ«ባይት ፎርስ» ሠሪ ፖል ቬንቲሚልያ፣ በ2009 ናሳ ባዘጋጀው የጨረቃ አፈር ቁፋሮ ውድድር ቡድኑ አንደኛ ሆኖ 500,000 ዶላር አሸንፏል። አፈር የሚዝቀውም ተጋጣሚ የሚሰብረውም ማሽን አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው፦ በተወሰነ ክብደት ምን ያህል ሥራ ይሠራል?

…ተጋጣሚን ወደ አየር የሚያወነጭፈውን «ብሮንኮ»ን ከሠሩት አንዱ አሌክሳንደር ሮዝ፣ ለ10,000 ዓመት ጊዜ እንዲቆጥር የታሰበውን ሰዓት የመገንባት ሥራ የመራ ሰው ነው። አንድ እጅ ለሦስት ደቂቃ የሚኖር ማሽን ይሠራል፤ ያው እጅ ከልጅ ልጆቻችን የሚሻገረውንም ይሠራል።

…«ዴድብሎው» የተባለውን ባለ መዶሻ ሮቦት የሠራው ግራንት ኢማሃራ በ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች የአርቱ-ዲቱ ሮቦት አንቀሳቃሽ ነበር፤ ኋላም በ«ሚዝበስተርስ» ቀረበ። በ2020 ሲያርፍ ብዙ ወጣት መሐንዲሶች እንደ መምህራቸው አለቀሱት። የ«ሲምሲቲ» ጌም ፈጣሪ ዊል ራይትም ከሴት ልጁ ጋር ሮቦት እየሠራ በእነዚህ መድረኮች ተወዳድሯል።

…ሊሳ ዊንተር በ1996 ሜዳ ስትገባ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። አድጋ ተፋላሚ ሮቦቶች ሠራች፤ ከ2018 ጀምሮም በ«ባትልቦትስ» የዳኝነት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድሬያ ጌላትሊ የመራችው «ዊች ዶክተር» ደግሞ ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሷል።

…በብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የ«ሪዮቦትዝ» ቡድን መሪ ፕሮፌሰር ማርኮ አንቶኒዮ ሜጆላሮ፣ ተፋላሚ ሮቦት እንዴት እንደሚሠራ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈው በነፃ እንዳሰራጩ ያውቁ ኖሯል? የጥርሱን ስሌት፣ የብረቱን ምርጫ፣ የስህተቱን ታሪክ ሳይቀር ለተጋጣሚዎቻቸው ሁሉ ሰጡ። ቡድናቸው በ«ሚኖታወር» በ2018 ለፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል፤ መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ በየጋራዡ ይነበባል። በ2020 ደግሞ ዳዶውን የወሰደው «ኤንድ ጌም» ከኒውዚላንድ የመጣ ነው።

…ካሜራው ብዙ የማያሳየው ክፍል ከሁሉ ይበልጣል፤ የጥገናው አዳራሽ። እዚያ የተጎዳ ቡድን ሞተር ሲያጣ የሚሰጠው ነገ የሚገጥመው ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁሉም የሚፈልገው ተጋጣሚው በሙሉ ጤንነቱ ሲቀርብ ማሸነፍ ነው። ዳዶ የሚያበድር ተቃዋሚ ካለበት ስፖርት ልጅ ቢማር አይከስርም።

መቆጣጠሪያው በማን እጅ ነው?

…«ሮቦት» ብንላቸውም አብዛኞቹን የሚነዳቸው ሰው መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ዓይኑም፣ ውሳኔውም፣ ፍርሃቱም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሪሞት የያዘው ሰው ነው። የራዲዮው ግንኙነት ከተቋረጠ ማሽኑ ስለቱንም ጎማውንም ወዲያው ማቆም አለበት፤ ይህን ፈተና ያላለፈ ሜዳ አይገባም። የሰው ትእዛዝ ሲጠፋ ማሽኑ ዝም ይላል። ሕጉ ይኸው ነው።

…በ2016 «ቾምፕ» የተባለው ሮቦት ርቀት በሚለካ ሴንሰር ተጋጣሚውን እየተከታተለ መዶሻውን በራሱ ጊዜ ለማውረድ ሞክሯል። በታጠረ ሜዳ፣ ማንም በሌለበት፣ ይህ የሚያስደስት ምርምር ነው። ከአጥሩ ውጭ ሲወጣ ግን ሌላ ጥያቄ ይሆናል።

…ያን ጥያቄ ከሁሉ አጥብቀው የያዙት የዚሁ ፍልሚያ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ፕሮፌሰር ኖኤል ሻርኪ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎትና የሮቦት ምሁር፣ ለብዙ ዓመታትም የ«ሮቦት ዋርስ» ዳኛ ነበሩ። በ2009 የሮቦት ጦር መሣሪያ ቁጥጥር ዓለም አቀፍ ኮሚቴን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆኑ፣ ማሽን ሰውን ለመግደል በራሱ እንዳይወስን እየዞሩ ይሟገታሉ። ይህ ተቃርኖ አይደለም። ብረት ብረትን ሲሰብር ለዓመታት በቅርብ ያዩ ሰው፣ ያ ብረት በሰው ላይ ቢዞር ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

…የመጨረሻውን ያውቁ ኖሯል? በእያንዳንዱ ሮቦት ላይ በእጅ የሚነቀል ትንሽ የኤሌክትሪክ ማገናኛ አለ። እርሱ ሳይገባ ማሽኑ ነፍስ የለውም። ፍልሚያው አልቆ፣ ጩኸቱ በርዶ፣ ጭሱ ሲሳሳ፣ አንድ ሰው ወደ ሜዳው ገብቶ ጎንበስ ብሎ ያን ማገናኛ ይነቅላል። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ሁሉ የሚጠጋው፤ አሸናፊውም፣ ተሸናፊውም፣ ስብርባሪ ለቃሚው ልጅም።